«ጃቫስክሪፕት ያብሩ» ይለኛል፤ ምን ላድርግ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ ድረ ገጽ ሲከፈት በባዶው ገጽ መሃል ብቅ የሚለው «ጃቫስክሪፕት ያብሩ» የሚል ማሳሰቢያ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው እንዴት እንደሚያጠፉት ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ ዳታ ለመቆጠብ፣ አንዳንዱ ከማስታወቂያ መዓት ለመገላገል። ጃቫስክሪፕት ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ስክሪፕቶች፣ የሚጻፉበት ቋንቋ ነው፤ የሚያስኬዳቸውም ብሮውዘሩ፣ ማለትም እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ ነው። መልሶቻችንን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። በቅድሚያ ግን ሁለት ነገር እንዲያዝልን እንፈልጋለን። በብሮውዘሩ ያለውን የጃቫስክሪፕት ዋና ማብሪያ እንደበራ ይተዉት፤ የሚያስቸግርዎ ድረ ገጽ ካለ በእርሱ ላይ ብቻ ያጥፉት። ሁለተኛ፣ ማሳሰቢያው «ጠፍቷል» ስላለ ብቻ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ሌላ ቦታ ነው።

የሜኑ ስሞችን በእንግሊዝኛው አጠራር አስቀምጠናል፤ ዓመታቱም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ «ሴቲንግስ» የሚለው «ቅንብሮች»፣ «ሳይት ሴቲንግስ» የሚለው ደግሞ «የጣቢያ ቅንብሮች» ተብሎ ይመጣል። በአድራሻ መጻፊያ ወይም በመፈለጊያ ሳጥን ይጻፉ ያልናቸውን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ይተይቧቸው።

ጥያቄ፦ በአንድሮይድ ስልኬ የማመልከቻ ቅጽ ልሞላ ስል «ይህን ገጽ ለመጠቀም ጃቫስክሪፕት ያብሩ» ከማለት ሌላ ምንም አይመጣም። የምጠቀመው ክሮም ነው። ጓደኛዬ «ጃቫ አውርድ» አለኝ። ከየት ነው የማወርደው?
(ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ምንም አያውርዱ። ጃቫና ጃቫስክሪፕት በስም ቢመሳሰሉም ዝምድና የላቸውም። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ብሬንደን አይክ የሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቀደም ሲል «ላይቭስክሪፕት» ይባል ነበር፤ በጊዜው የጃቫ ስም ገንኖ ስለነበር በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ስሙ ተቀየረ፤ ግራ መጋባቱም ያኔ ጀመረ። ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ሞተር በየብሮውዘሩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው የሚወርድ ፋይል የለውም። ጃቫ ግን ከብሮውዘር ከወጣ ቆይቷል፤ ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2017 የጃቫን ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) መቀበል አቁመዋል። ስለዚህ «ጃቫ አውርድ» ወይም «ጃቫስክሪፕትን አፕዴት አድርግ» የሚል ቁልፍ በድረ ገጽ ላይ ቢያጋጥምዎ አይንኩት፤ የሚወርደው ሌላ ነገር ነው።

በስልክዎ ክሮም ላይ እንዲህ ያድርጉ። በስተቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይንኩ፤ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ወደ ታች ወርደው «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ጃቫስክሪፕት»። ከላይ ያለው ማብሪያ ጠፍቶ ካገኙት ያብሩት። በርቶ ካገኙት ከታች ያለውን ዝርዝር ይመልከቱ፤ ማብሪያው በርቶም ያ ድረ ገጽ ብቻውን በታገዱት መካከል ሊኖር ይችላል። ካለ ስሙን ነክተው ይሰርዙት።

አሁን ወደ ገጹ ተመልሰው ሪፍሬሽ ማድረግ የግድ ነው። ለውጡ የሚሠራው ገጹ እንደ አዲስ ሲጫን ስለሆነ አስቀድሞ የተከፈተው ገጽ በነበረበት ይቆያል። ብዙ ሰው «አብርቼውም አልሠራም» የሚለው ይህችን ስለሚዘልላት ነው። ነገር ግን ግማሽ የሞሉት ቅጽ ከነበረ ሪፍሬሽ ሲያደርጉ የጻፉት ሊጠፋ ስለሚችል ረጃጅሙን ጽሑፍ አስቀድመው ኮፒ አድርገው በሌላ ቦታ ያኑሩት። ክፍያ ላይ ከሆኑና ብሮውዘሩ «ቅጹ እንደገና ይላክ?» ብሎ ከጠየቀዎ ደግሞ እምቢ ይበሉ። መጀመሪያ የሂሳብዎን እንቅስቃሴ ይዩ፤ ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ እናቴ ጎንደር ናት። አይፎን ልኬላት ነበር፤ አሁን ግማሹ ድረ ገጽ አይሠራላትም። ታናሽ ወንድሜ «አንድ ነገር አጥፍቼበታለሁ» ይላል። በስልክ እንዴት ልምራት?

መልስ፦ በአይፎን ላይ ማብሪያው ያለው ሳፋሪ ውስጥ ሳይሆን በራሱ በስልኩ «ሴቲንግስ» ውስጥ ነው፤ ፈላጊውን የሚያደክመውም ይኸው ነው። አይኦኤስ 18 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ ወደ ታች እስከ መጨረሻው ወርደው «አፕስ»፣ «ሳፋሪ»፣ እንደገና እስከ ታች «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ጃቫስክሪፕት»። ቀደም ባሉት ስልኮች «ሳፋሪ» በቀጥታ «ሴቲንግስ» ውስጥ ተዘርዝሮ ይገኛል። ቁልፉ አረንጓዴ ከሆነ በርቷል። ለእናትዎ «አረንጓዴ ነው ወይስ ነጭ?» ብለው ቢጠይቋቸው ከሁሉም ይቀላል።

በአይፎን ላይ ክሮምን የሚጠቀሙ ከሆነ በውስጡ የጃቫስክሪፕት ማብሪያ የሚባል ነገር ስለሌለ ፈልገው አይድከሙ። ሌላም የሚያጣሩት አለ፦ ወንድምዎ «ሎክዳውን ሞድ» የተባለውን ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ያለውን ጥብቅ ጥበቃ አብርቶት ከሆነ ጃቫስክሪፕት ባይጠፋም የሚያፈጥነው ክፍል ስለሚዘጋ ከባድ ድረ ገጾች ይንቀራፈፋሉ፤ አንዳንዶቹም ይሰበራሉ። እርሱ ያለው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ከታች ነው።

በማክ ኮምፒውተር፣ ሳፋሪ ተከፍቶ ኮማንድና ኮማ አንድ ላይ ሲጫኑ «ሴቲንግስ» ይመጣል፤ «ሴኪዩሪቲ» የሚለው ታብ ውስጥ «ኢነብል ጃቫስክሪፕት» ላይ ምልክት ያድርጉ። በቃ።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተሬ አንድ የዜና ድረ ገጽ ስከፍት ማስታወቂያው እየዘለለ ማንበብ አልቻልኩም። ጃቫስክሪፕትን ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ማጥፋት ይቻላል? ክሮምም ኤጅም አለኝ።
(ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ትክክለኛውም መንገድ እርሱ ነው። ገጹን ክሮም ላይ ይክፈቱ። ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ትንሽ ምልክት ይጫኑ፤ ቀደም ሲል የጓጉንቸር ምስል ነበረች፣ ከ2023 መገባደጃ ወዲህ ሁለት ተንሸራታች መስመሮች ሆናለች። «ሳይት ሴቲንግስ» የሚለውን ሲመርጡ የዚያ ድረ ገጽ ፈቃዶች በሙሉ ይዘረዘራሉ። «ጃቫስክሪፕት» ከሚለው ጎን «ብሎክ» ያድርጉና ወደ ገጹ ተመልሰው ሪፍሬሽ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ በአድራሻው መስመር ቀኝ ጫፍ ስክሪፕት መታገዱን የምታሳይ ምልክት ትወጣለች። ሐሳብዎን ከቀየሩ እርሷኑ ተጭነው እንዲፈቀድለት ማድረግ ይችላሉ።

ድረ ገጹ ቅርንጫፎች ካሉት፣ ለምሳሌ ስፖርቱ በሌላ ንዑስ አድራሻ ከተቀመጠ፣ አንዱን ማገድ ሌላውን አይነካም። እንዲህ ሲሆን ወደ ዋናው ዝርዝር ይሂዱ፦ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ጃቫስክሪፕት»። ከታች «ጃቫስክሪፕት እንዲጠቀሙ ያልተፈቀደላቸው» ከሚለው ጎን «አድ» የሚለውን ተጭነው የአራት ማዕዘን ቅንፍ መክፈቻ፣ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ቅንፍ መዝጊያ ይጻፉና የድረ ገጹን ዋና ስም ያለ ክፍተት ያስከትሉ፤ እንዲህ፦ [*.] ከዚያ ስሙ። ይህ ንዑሳኑን ሁሉ ያጠቃልላል።

ኤጅ የተሠራው ክሮም በተሠራበት መሠረት ላይ ስለሆነ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ሜኑው ግን ቦታ ቀይሯል፤ ቀድሞ «ኩኪስ ኤንድ ሳይት ፐርሚሽንስ» ውስጥ ነበር፣ በአዲሶቹ «ፕራይቬሲ፣ ሰርች ኤንድ ሰርቪስስ» ሥር በ«ሳይት ፐርሚሽንስ» ይገኛል። ከመፈለግ ይልቅ «ሴቲንግስ» ገጽ ላይ ባለው መፈለጊያ «ጃቫስክሪፕት» ብለው ቢተይቡ ያመጣልዎታል። ኦፔራም በኮምፒውተር ላይ እንደ ክሮም ነው። ብሬቭ ላይ ደግሞ ከአድራሻው ጎን ያለውን የአንበሳ ምስል ተጭነው በዝርዝር መቆጣጠሪያው ውስጥ «ብሎክ ስክሪፕትስ» የሚለውን ያብሩ፤ ለአንድ ድረ ገጽ ብቻ ለማገድ ከሁሉም ፈጣኑ ይኸው ነው።

ስክሪፕት ሲታገድ ገጹ ጽሑፉን ብቻ አስቀርቶ ንጹሕ ሆኖ ሊከፈት ይችላል፤ ወይም ጭራሹኑ ነጭ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከአሠራሩ ነው። ጽሑፉ ከሰርቨሩ (ድረ ገጹ ካለበት ኮምፒውተር) ተዘጋጅቶ የሚመጣ ከሆነ ያለ ስክሪፕት ይነበባል፤ ዊኪፔዲያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጽሑፉን ራሱን ስክሪፕቱ የሚያመጣው ከሆነ ግን ያለ እርሱ ባዶ ዕቃ ነው። ዩቲዩብ ግራጫ ሳጥኖች ብቻ ያሳያል። የጉግል ፍለጋም እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ያለ ጃቫስክሪፕት አይሠራም፤ ጂሜይል ያለ ስክሪፕት ይከፈትበት የነበረው ቀላል ገጽ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ቀርቷል። ዋናውን ማብሪያ አያጥፉ የምንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፋየርፎክስ ላይ ሴቲንጉን ሁሉ አገላበጥኩ፤ ጃቫስክሪፕት የሚል የለም።

መልስ፦ የለም። ከ2013 በፊት ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ነበረው፤ በ23ኛው ዕትም ተነሣ፤ ሰው ሳያስበው እያጠፋው «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ይል ነበርና። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ በአድራሻው መስመር «አባውት» ብለው፣ ሁለት ነጥብ (:) ጨምረው፣ ያለ ክፍተት «ኮንፊግ» ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አደጋውን ተቀብዬ እቀጥላለሁ የሚለውን ይጫኑ። በመፈለጊያው «ጃቫስክሪፕት» ነጥብ «ኢነብልድ» ብለው ሲጽፉ አንድ መስመር ይቀራል። ከጎኑ «ትሩ» ካለ በርቷል፣ «ፎልስ» ካለ ጠፍቷል። በስተቀኝ ያሉትን ሁለት ቀስቶች አንድ ጊዜ ሲጫኑ ይገለበጣል፤ ከተለመደው የተለየ ከሆነ መስመሩ ደመቅ ብሎ ይታያል። ሌላውን መስመር ሁሉ አይንኩ።

ይህ መንገድ ሁሉንም ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ ያጠፋል፤ አንዱን ለይቶ አያግድም። ለይቶ ለማገድ «ኖስክሪፕት» ወይም «ዩብሎክ ኦሪጅን» የሚባሉትን ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ይጫኑ፤ ሁለቱም በአንድሮይዱ ፋየርፎክስም ይሠራሉ። ኖስክሪፕት ሲጫን ጥቂት ከታወቁ ድረ ገጾች በቀር ሁሉንም ስለሚዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ዩብሎክ ኦሪጅንን ነው፤ ማስታወቂያውን ያስቀራል፣ ካስፈለገም በአንድ ቁልፍ የዚያን ድረ ገጽ ስክሪፕት ያጠፋል። ማንነትን የሚሰውረውን ቶር ብሮውዘር የሚጠቀሙ ደግሞ በጋሻው ምልክት ሦስት ደረጃ ያገኛሉ፤ መካከለኛው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ያልተጠበቁ ድረ ገጾች ላይ፣ የመጨረሻው በሁሉም ላይ ጃቫስክሪፕትን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕት በርቷል፤ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ድረ ገጹ ግን አሁንም «ያብሩ» ይለኛል። የሚጠይቀኝን ካላደረግሁ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ነው!
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ በጣም ያሳሰበን ይህ ነው፤ ቀኑ የማይጠብቅ ጉዳይ ነውና። ማሳሰቢያው ውሸት የሚናገረው በአሠራሩ ምክንያት ነው። የድረ ገጹ ሠሪዎች ጽሑፉን አስቀድመው ገጹ ላይ ያስቀምጡታል፤ ስክሪፕቱ ሲነሣ ያነሣዋል። ስክሪፕቱ በማንኛውም ምክንያት ካልተነሣ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው «በርቷል ወይ?» ሳይሆን «ስክሪፕቱ ለምን አልደረሰም?» ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ።

መጀመሪያ ገጹን በ«ኢንኮግኒቶ» (በግል) መስኮት ይክፈቱት። በዚያ መስኮት ኤክስቴንሽኖች ካልፈቀዱላቸው በቀር አይሠሩም። እዚያ ከሠራ ጥፋተኛው ማስታወቂያ ማገጃው ወይም ሌላ ኤክስቴንሽን ነው፤ ወይም በብሮውዘሩ የተቀመጠው ያረጀ የገጹ ቅጂ ነው። ማገጃውን ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ያንሡት። «ሮቦት አይደለሁም» የሚለው ሳጥን ካልታየም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሳጥኑ ከሌላ አድራሻ የሚመጣ ስክሪፕት ስለሆነ ማገጃው በልቶታል።

ቀጥሎ የስልኩን ወይም የኮምፒውተሩን ቀን ይዩ። ይህን እዚህ አገር ደጋግመን ስለምናየው ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ሰዓቱን በእጁ የሚያስተካክል ሰው የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ካስገባ ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ከ2020 መስከረም ወዲህ ከ398 ቀን የሚበልጥ ዕድሜ አይሰጠውም። ለዚያ ማሽን የዛሬው ሰርተፊኬት ሁሉ ገና ያልጀመረ ነው። ዋናው ገጽ ከሆነ ብሮውዘሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ከሌላ አድራሻ የሚጠራ ስክሪፕት ከሆነ ግን ምንም ሳይናገር ይተወዋል። በስልኩ የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ውስጥ «አውቶማቲክ» የሚለውን ያብሩና የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ያድርጉት። የኢትዮጵያን ቀን ለማየት የቀን መቁጠሪያ አፕ ይጠቀሙ፤ የማሽኑን ሰዓት አይንኩት።

ሦስተኛው የብሮውዘሩ ዕድሜ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ እርሱም የወጣው በ2023 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የተጨመሩ የቋንቋው አገባቦች አይገቡትም። አንድ ፋይል ውስጥ አንዲት የማትገባው ምልክት ካለች ደግሞ ብሮውዘሩ ያንን ፋይል በሙሉ ይጥለዋል፤ የተቀረውን ልሥራ አይልም። ያረጀ አንድሮይድም እንዲሁ ነው። ክሮምን ከፕሌይ ስቶር አፕዴት ያድርጉ፤ አልቀበል ካለ ለዚያ ምዝገባ ብቻ የሌላ ሰው ስልክ ይጠቀሙ፤ ሲጨርሱ ከአካውንትዎ መውጣትዎን አይርሱ።

አራተኛ ኔትወርክ። ስክሪፕቱ ትልቅ ከሆነና መስመሩ በመሃል ከተቆረጠ ገጹ በጎዶሎ ይቀራል። ሪፍሬሽ አድርገው ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዋይፋይ ወደ ዳታ፣ ከዳታ ወደ ዋይፋይ ይቀይሩ። ቪፒኤን ካለ አጥፍተው፣ ከሌለ ደግሞ በሌላ መስመር ይሞክሩት።

ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ ኤፍ 12ን ተጭነው «ኮንሶል» የሚለውን ታብ ይክፈቱና ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉ። በቀይ የሚወጡት መስመሮች ምክንያቱን ይናገራሉ፦ «ብሎክድ ባይ ክላየንት» ካለ ማገጃ ኤክስቴንሽን፣ «ሰርት» የሚል ካለበት ሰርተፊኬትና ቀን፣ «ሲንታክስ ኤረር» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ብሮውዘር፣ «ታይምድ አውት» ካለ ኔትወርክ። ቀዩን መስመር ፎቶ አንሥተው ለድረ ገጹ ባለቤቶች ይላኩ፤ «አልሠራም» ከሚል መልእክት ይልቅ ቶሎ መልስ ያስገኛል፤ ቀኑ ካለፈም እንደሞከሩ ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕት ማጥፋት የሞባይል ፓኬጅ ይቆጥባል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ ድረ ገጹ ነው። በማስታወቂያና በራሱ በሚጀምር ቪዲዮ በተሞላ የዜና ገጽ ላይ ስክሪፕት ሲጠፋ እነዚያ የሚጠሩበት መንገድ ስለሚቋረጥ ቁጠባው ትልቅ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ተቃራኒ ነገር አለ። ብዙ ድረ ገጾች ምስሎችን የሚጭኑት አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ነው። ይህ በሁለት መንገድ ይሠራል። በራሱ በድረ ገጹ ስክሪፕት ከተሠራ ጃቫስክሪፕት ሲጠፋ ምስሎቹ ጨርሶ አይመጡም፤ ባዶ ሳጥን ይቀራል፣ ዳታዎም ይተርፋል። በብሮውዘሩ በራሱ የማዘግየት ችሎታ ከተሠራ ግን ጃቫስክሪፕት ሲጠፋ ማዘግየቱም ይቀርና ሁሉም ምስል በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የብሮውዘሮች አሠራር እንዲህ የተደረገው ስክሪፕት ያጠፋ ሰው የት ድረስ እንዳነበበ በምስል ጥሪ እንዳይሰለል ነው። ስለዚህ ሃምሳ ፎቶ ያለበትን ረጅም ገጽ ሦስት መስመር አንብበው ቢወጡም የሃምሳውን ሊከፍሉ ይችላሉ።

በግምት ከመሄድ መለካት ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ ኤፍ 12፣ «ኔትወርክ» ታብ፣ «ዲሴብል ካሽ» ላይ ምልክት አድርገው ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉ። ከታች ባለው መስመር «ትራንስፈርድ» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ከፓኬጅዎ የተቆረጠው ነው፤ ሌላው ቁጥር ከተጨመቀበት የተፈታው መጠን ነው፣ እርሱን አይቁጠሩ። አሁን ስክሪፕቱን አግደው ይድገሙት፤ ሁለቱን ያነጻጽሩ።

ለዳታ ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻሉ መንገዶች አሉ። በኮምፒውተር ክሮም ላይ «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኢሜጅስ» የሚለውን ማገድ አብዛኛውን ጊዜ ከጃቫስክሪፕት ይልቅ ይቆጥባል፤ የሚሰበረውም ነገር ያነሰ ነው። በስልክ ደግሞ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅንን ጭነው ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ምስልና ቪዲዮዎችን የሚያግደውን ምርጫ ያብሩ፤ ልኩ ሲመጣ 50 ኪሎባይት ነው፣ መቀየር ይቻላል። የታገደውን ምስል ማየት ሲፈልጉ ነክተው ያመጡታል። ክሮም ራሱ የነበረው ዳታ ቆጣቢ በ2022 ስለቀረ እርሱን አይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኦፔራ ሚኒ ላይ ጃቫስክሪፕት ማብሪያው የት ነው?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከማብሪያው በፊት ኦፔራ ሚኒ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። «ኤክስትሪም» በተባለው ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹ ወደ ስልክዎ በቀጥታ አይመጣም። የኦፔራ ሰርቨር ይከፍተዋል፣ ስክሪፕቱን እዚያው ለጥቂት ሰከንዶች ያስኬደዋል፣ ውጤቱን ጨምቆ ይልክልዎታል። ከዚያ በኋላ ገጹ እንደ ተነሣ ፎቶ ነው፤ ቁልፍ በነኩ ቁጥር እንደገና ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ለዚህ ነው ዜና ሲነበብበት ፈጣን የሆነው፣ ቅጽ ሲሞላበት ግን ተቆልቋይ ዝርዝሩ አልወርድ፣ ፋይል መጫኛው አልታይ የሚለው። ስለዚህ ማብሪያ ከመፈለግ ይልቅ ቅጽ ለመሙላት የዳታ ቁጠባውን ወደ «ሃይ» ይለውጡት ወይም ያጥፉት። ባንክ ነክ ነገርንና የይለፍ ቃልን በኤክስትሪም አያስገቡ፤ የተመሰጠረው ገጽ በመሃል ሰርቨሩ ላይ ስለሚፈታ ከስልክዎ እስከ ባንኩ ያልተቋረጠ ምስጢራዊነት የለውም።

ጥያቄ፦ የልጄ ስልክ ላይ «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል ማስፈራሪያ በየደቂቃው ይመጣል። ጃቫስክሪፕት አጠፋሁ፤ አልቆመም።

መልስ፦ እህታችን፣ አይደንግጡ። ድረ ገጽ ስልክን ፈትሾ ቫይረስ ማግኘት አይችልም፤ ጽሑፉ ማስፈራሪያ ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕት ሲያጠፉ ያልቆመው ምንጩ የተከፈተ ገጽ ሳይሆን ከዚህ በፊት የተሰጠ የማሳወቂያ ፈቃድ ስለሆነ ይመስለናል። ልጁ አንድ ቀን «ቪዲዮውን ለማየት ‹አላው› (ፍቀድ) ይጫኑ» ተብሎ ተጭኗል። መልእክቱ ሲመጣ ጣትዎን ጫን አድርገው ይያዙት፤ የላከው ድረ ገጽ ስም ይታያል፣ እዚያው ማጥፋት ይቻላል። ወይም ክሮም፣ «ሴቲንግስ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተው ከተፈቀደላቸው ዝርዝር የማያውቁትን ሁሉ ያግዱ። ጃቫስክሪፕቱን መልሰው ያብሩት። ማስታወቂያው ክሮም ጨርሶ ሳይከፈት ማያውን የሚሸፍን ከሆነ ግን ምንጩ አፕ ነው፤ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት በቅርብ የተጫኑትን ያጥፉ።

አልዘጋ ያለ ገጽ ካጋጠመዎ ስልክ ላይ ከታቦቹ ዝርዝር ጠርገው ያስወጡት። ዊንዶውስ ላይ ክሮም ተከፍቶ ሺፍትና ኤስኬፕን ሲጫኑ የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ታቡን መርጠው ይዝጉት።

ልጅዎን አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩት፦ «ይህን ኮድ ኮፒ አድርገህ ኮንሶሉ ውስጥ ለጥፍ፣ ነፃ ፓኬጅ ታገኛለህ» የሚል ሰው ሌባ ነው። በራስ እጅ የተለጠፈ ኮድ ከፍተው በገቡበት አካውንት የፈለገውን ያደርጋል። ክሮም ኮንሶል ላይ ሲለጥፉ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ፈቃድ በእጅ እንዲተየብ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ የጃቫስክሪፕት ማብሪያው ደብዝዞ አልንቀሳቀስ አለ።

መልስ፦ መሥሪያ ቤቱ ቆልፎታል። ክሮም ሜኑ ሥር «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚል ካለ እርግጥ ነው። የአይቲ ክፍሉን ጠይቀው ያንን ድረ ገጽ በተፈቀዱት ውስጥ ያስጨምሩ፤ በሌላ ዘዴ ለማለፍ አይሞክሩ። በአሮጌው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አሠራር ብቻ የሚከፈት የውስጥ ሲስተም ካላችሁ ደግሞ ቃሉ ይለያል፦ «ኢንተርኔት ኦፕሽንስ»፣ «ሴኪዩሪቲ»፣ «ከስተም ሌቭል»፣ ከዚያ «አክቲቭ ስክሪፕቲንግ»።

ጥያቄ፦ ድረ ገጽ መሥራት እየተማርኩ ነው። የሠራሁት ያለ ጃቫስክሪፕት ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ፤ በየጊዜው ሴቲንግ መግባት ሰለቸኝ።

መልስ፦ ክሮም ወይም ኤጅ ላይ ኤፍ 12፣ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ፒ» ፊደልን አንድ ላይ። በሚመጣው መስመር «ጃቫስክሪፕት» ብለህ ጻፍና «ዲሴብል» የሚለውን ምረጥ፤ ሪፍሬሽ አድርግ። ያ የመሣሪያ መስኮት ሲዘጋ በራሱ ይመለሳል። ስትሠራ ዋናው ጽሑፍ ያለ ስክሪፕት እንዲነበብ አድርግ፤ በደካማ መስመር ያለ አንባቢ ስክሪፕቱ ባይደርሰውም ጽሑፉ ይደርሰዋል። ማሳሰቢያህንም «ጃቫስክሪፕት ያብሩ» ብቻ አትበለው፤ «ገጹ በሙሉ አልተጫነም፤ ሪፍሬሽ ያድርጉ ወይም ማስታወቂያ ማገጃ ካለ ያንሡ» በለው።

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕት ካጠፋሁ ወዲህ አንድ ድረ ገጽ ላይ አማርኛ መጻፍ አቃተኝ። በሌላ ኮምፒውተር ደግሞ አማርኛው ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል። አንድ ችግር ናቸው?
(ከሪያድ)

መልስ፦ ሁለት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲተይቡ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይሩ ድረ ገጾች፣ በዊኪፔዲያ ያለውን መጻፊያ ጨምሮ፣ ሥራቸውን የሚሠሩት በጃቫስክሪፕት ነው። ለዚያ ድረ ገጽ ይፍቀዱለት፤ ወይም የአማርኛ ኪቦርድ በስልክዎ ወይም በዊንዶውስዎ ይጫኑ፤ እርሱ ከብሮውዘሩ ውጭ ስለሆነ ስክሪፕት ቢጠፋም ይሠራል። ሳጥኑ ግን ከስክሪፕት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ያ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የያዘ ፎንት የለውም። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባለውን ነፃ ፎንት አውርደው ይጫኑ፣ ብሮውዘሩን ዘግተው ይክፈቱ። ከሳጥን ይልቅ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከታየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገጹ ከዩኒኮድ (ከዛሬው የጋራ የፊደል ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ያንን ፎንት ራሱን ካላገኙ በቀር አይነበብም።